የእናቴን ስልክ ከ2017 ላወጣልን ልጅ

መገናኛ አንድ ስልክ ጠጋኝ ልጅ አለ። ይህ ጽሁፍ የሱ ምስጋና ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ። ጥር 8 ማታ እናቴ ቤት አደርኩ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ስልኳን ሳየው አፕዴት ይደረግ የሚለው መልእክት ከመጣ ወራት አልፎታል። እሷ እንደሆነ እንግሊዝኛ የመጣባትን ሁሉ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ታሳልፈዋለች። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ። ቻርጀር ሰካሁ፣ ከዋይፋዩ ጋር አገናኘሁና ጫንኩት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ተነሳ። ደህና ነው። ጠዋት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በዚያው ቀን ማታ ደወለች።

«ልጄ፣ ምን አድርገሽው ነው የሄድሽው? ዋይፋዩ እምቢ አለ።»

ይሄ ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። ለእናቴ ግን ዋይፋይ ማለት እህቴ ናት። እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። በኛ ማታ 2 ሰዓት፣ እዚያ የምሳ ሰዓቷ ላይ፣ በቪዲዮ ይተያያሉ። በየቀኑ። ምን በላሽ፣ ምን ለበስሽ፣ በረዶው ቆመ ወይ። ለጥምቀት ደግሞ ታቦት ሲወጣ ላሳያት ብላ ፓኬጅ አስሞልታኝ ነበር። ከተራም ጥምቀትም እንዲሁ አለፈ። ፓኬጁም አልሰራም። ዳታውም እንዳልሰራ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ጆሮ አልሰጠሁትም። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር ይገናኛል። ምልክቷ ትመጣለች። አጠገቧ ግን ቃለ አጋኖ አለ፤ ተገናኝቷል ኢንተርኔት ግን የለም ይላል። የኔ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ያለችግር ይሰራል። ስለዚህ ራውተሩ ጤነኛ ነው። የእናቴን ስልክ አጥፍቼ አበራሁ። ዋይፋዩን አስረስቼ ፓስወርዱን እንደገና አስገባሁ። በመጨረሻ የኔትዎርክ ሴቲንጉን በሙሉ ሪሴት አደረግሁ። ይሄ ፎቶም ስልክ ቁጥርም አይነካም፤ የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስወርዶችንና የተጣመሩ ብሉቱዞችን ግን ጠራርጎ ያጠፋል። የአክስቴ ቤት ፓስወርድም አብሮ ሄደ። ቃለ አጋኖዋ ግን ወይ ፍንክች።

ታዲያ ማንን ልወንጅል? አፕዴቱን። ደግሞም ሐሜት ብቻ አይደለም። በፈረንጅ 2014 መስከረም ላይ አፕል አይኦኤስ 8.0.1 የተባለ የአይፎን አፕዴት ለቆ የብዙ አይፎን 6 ተጠቃሚዎችን ኔትዎርክና የጣት አሻራ አጥፍቶባቸው ነበር። በሰዓታት ውስጥ መልሶ አነሳው፣ በማግስቱ 8.0.2ን አወጣ። እንዲህ አይነት ነገር አንብቤ ስለማውቅ ፍርዴ ቀላል ነበር።

ማክሰኞ እናቴን ሳልነግራት ወደ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። የት እንደሆነ ይቅር። ሰውየው ስልኩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «አፕዴቱ የዋይፋይ አይሲውን አቃጥሎታል» አለኝ። አይሲ ማለት ዋይፋዩን የምታሰራው ትንሽ ቺፕ ናት። 4,500 ብር። ሁለት ቀን ይቆያል። ስልኩን ግን አልከፈተውም። ምንም ነገርም አልለካም። በአፍንጫው ነው መሰለኝ ያወቀው። ልከፍል ነበር እኮ! የሥራ ባልደረባዬ ናት «ቆይ፣ መጀመሪያ የመገናኛውን ልጅ አሳዪው» ያለችኝ።

ሐሙስ ጥር 15 ሄድን። ሱቅ አልኩ እንጂ ሱቅም አይባል። ምድር ቤት፣ ደረጃ ስር የተሸጎጠች አንድ ጠረጴዛ ናት። ላይዋ ላይ ማጉያ ያለው መብራት፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ የተቀመጡ ብሎኖች፣ አንጀታቸው የወጣ ስልኮች። አየሩ ብየዳ ብየዳ ይሸታል። እናቴ ስልኳን ለሰው ትታ መሄድ አትወድምና አብራኝ መጥታለች። ልጁ ገና ሲያያት ብድግ አለ። «ማዘር፣ እዚህ ይቀመጡ።» ያለችው ወንበር የሱ ብቻ ነበረች። የኛን ስልክ ቆሞ ነው ያየው።

እኔ ታሪኩን ከአፕዴቱ ጀምሬ መተረክ ያዝኩ። አቋረጠኝ።

«በዳታስ?»

«ምን በዳታስ?»

«ዋይፋዩን አጥፍተሽ በዳታ ስትሞክሪው ይሰራል?»

እናቴ ቀደመችኝ። «አይሰራም የኔ ልጅ። ነግሬያት ነበር እኮ።»

ራሱን ነቀነቀ። የራሱን ስልክ አወጣና ሆትስፖት ከፈተ። የእናቴን ስልክ ከሱ ጋር አገናኘው። ወዲያው ተያያዘ፤ ትንሽ ቆይታ ያቺው ቃለ አጋኖ ብቅ አለች። «በቃ፣ አይሲው ደህና ነው» አለ። «ዋይፋዩ ሞቶ ቢሆን የኔን ስልክ መች ያገኘው ነበር። ማብሪያው ራሱ አልበራም ይል ነበር። ደግሞ ዳታና ዋይፋይ ተማክረው ባንድ ቀን አይሞቱም።»

ከዚያ ስክሪኑን አጠፋና መልሶ አበራው። የመቆለፊያውን ገጽ ዝም ብሎ አየ።

«ማዘር፣ ዛሬ ቀኑ ማነው?»

«ሐሙስ ነዋ።»

«ስልክዎ ግን ሰኞ ነው ይላል።»

ሰኞ፣ ሜይ 15። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ዓመቱን አሳየኝ። 2017። በፈረንጅ 2025 መሆን የነበረበት፣ 2017።

ሳቅ አመለጠው። «ጥር 15 አይደል ዛሬ? ጥር ደግሞ አምስተኛ ወር። የኛን ቀን ነው እንዳለ የሞሉለት።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ተናዘዘች። አርብ ጠዋት ስትነሳ ስልኳ ሌላ ሰዓት ይነግራታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን እሱ 8 ይላል። የጎረቤት ልጅ ጠራችና «ወደኛ መልስልኝ» አለችው። ልጁም ታዛዥ ነው። ሰዓቱን ወደኛ መለሰ፤ እግረ መንገዱን ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱንም ወደኛ መለሰው።

ሰዓቱን ማን ነካው? እኔ። አፕዴቱ ሲያልቅ ሰዓቷ በ6 ሰዓት ሲለያይ አይቼ፣ ላስተካክልላት ብዬ አውቶማቲክ ላይ አድርጌው ነበር። እናቴ ስልኳን በሀበሻ ሰዓት ነው የምትጠቀመው፤ ድሮም እንደዚያ ነው፣ ረሳሁት። እሁድ ዕለት ደግሞ ሰዓቱ ተዛብቶ ሳየው የለመድኩት ነውና ዓይኔ አልፎት ሄደ። ዋትሳፕም የስልክሽ ቀን ልክ አይደለም እያለ ይጽፍላት ኖሯል። «አንድ ጽሁፍ እየመጣ ይከለክለኛል» ስትለኝ «ኢንተርኔት ስለሌለ ነው» ብዬ ዘጋኋት። አዋቂ ነኛ።

ቀን ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ጠየቅሁት። እየሰራ ነው ያስረዳኝ።

«ዌብሳይት ሁሉ መታወቂያ አለው። የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ስልክሽ ያንን ከራሱ ቀን ጋር ያመሳክራል። የማዘር ስልክ 2017 ላይ ቁጭ ብሎ በ2024 የተሰጠ መታወቂያ ሲያይ፣ ይሄ ሰውዬ ገና አልተወለደም ብሎ በሩን ይዘጋል።»

ቤት ገብቼ አጣራሁት። ልክ ነው። የዌብሳይት መታወቂያ ከ398 ቀን በላይ እንዳያገለግል በፈረንጅ 2020 ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ ሥራ ላይ ካሉት ውስጥ በ2017 የነበረ የለም ማለት ይቻላል። ቃለ አጋኖዋም ሚስጥር አላት። አንድሮይድ ስልክ ከዋይፋይ ጋር እንደተያያዘ፣ እኛ ሳናውቅ የጉግልን አንዲት ገጽ ያንኳኳል። ገጿ ባዶ ናት። 204 የሚል ቁጥር ብቻ ትመልሳለች። ያ መልስ በአግባቡ ካልመጣ ስልኩ ኢንተርኔት የለም ብሎ ይደመድማል። የእናቴ ስልክ በሩን ራሱ ጠርቅሞ፣ ማንም አልከፈተልኝም እያለ ነበር።

ልጁ አውቶማቲክ ቀንና ሰዓትን አበራው። ቃለ አጋኖዋ ዓይናችን እያየ ጠፋች። የእህቴ መልእክቶች ተንጋግተው ገቡ፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ብሎኖቹን አንኳኳቸው።

እኔ ብሆን እዚህ ላይ አበቃ ነበር። እሱ ግን እናቴን አያት። «ማዘር፣ ቀኑን መልሰው ሊያስቀይሩት ነው አይደል?» እናቴ ዝም። የኢትዮጵያ ካላንደርና ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጫነላትና ፊት ለፊት በትልልቁ ለጠፈው። ሐሙስ፣ ጥር 15። ሰዓቱም የሀበሻ። «እርስዎ ይሄን ይዩ። ያኛውን ትንሹን ለስልኩ ይተዉለት።» በዚህ ጉዳይ ከእናቴ ጋር ለዓመታት ተከራክሬያለሁ። አንድም ቀን ይሄ አልመጣልኝም።

ስንት ልክፈል? «ሰዓት ላስተካከልኩበት ብር አልቀበልም።» ብለምነው አሻፈረኝ አለ። እናቴ ምርቃቷን አወረደችበት፤ ከደረጃው ላይ የሚወርድ ሰው ሁሉ ቆሞ አሜን ይል ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የራሴ ነው። ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሳምንት በኋላ የኔም ሳምሰንግ አፕዴት ተደረገና የቢሮው ዋይፋይ ተንቀራፈፈብኝ። እንደለመድኩት አስረስቼ እንደገና ልገናኝ ስል ጭራሽ አላስገባ አለኝ። ፓስወርዱ ልክ ነው፣ የሌሎቹ ይሰራል። ልጁ ጋ ደወልኩ። «ቢሮአችሁ ስልክ ይመዘግባል እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ የአይቲ ሰዎቹ የያንዳንዳችንን ስልክ ማክ አድራሻ፣ ማለትም ስልኩ በዋይፋይ የሚታወቅበትን መለያ ቁጥር፣ መዝግበው ነው የሚያስገቡን። «በቃ፣ ስትረሺው ጭንብል አጥልቆ ነው የተመለሰው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድሮይድ 10፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ አይፎን ደግሞ በ2020 ከወጣው አይኦኤስ 14 ወዲህ፣ ስልክ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ እውነተኛ አድራሻውን አይሰጥም። የፈጠራ አድራሻ ይሰጣል። ማንም እንዳይከታተለን ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። በስም ዝርዝር የሚያስገባ ቢሮ ግን አያውቀውም። ዋይፋዩ ጎን ያለውን ባለጥርስ ጎማ የሚመስል የሴቲንግ ምልክት ነካሁ፣ የማክ አድራሻው አይነት የሚለውን ወደ ስልኩ ትክክለኛ አድራሻ ቀየርኩ፣ ገባሁ። ሦስት ደቂቃ። በአይፎን ከሆነ እዚያው ዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ የግል አድራሻ የምትለዋን ማጥፋት ነው። ይህን ለምታምኑት ቢሮ ብቻ አድርጉት፤ ለካፌ ዋይፋይ ጭንብሉ ይቆይ።

እንግዲህ ልጁን የምጠቁማችሁ ነጻ ስለሰራልኝ አይደለም። ስልክ ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል። በዳታ ይሰራል? ሌላ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ይሰራል? ይሄው ስልክ በሌላ ዋይፋይስ? በነዚህ ብቻ ጥፋቱ ከስልኩ ይሁን ከራውተሩ ወይም ከሴቲንጉ ግማሹን መንገድ ይጨርሰዋል። የማይሆነውንም አይሆንም ይላል። እኛ እያለን አንድ ሰውዬ የዋይፋይ ማብሪያው ደብዝዞ አልነካም ያለ አይፎን አምጥቶ ነበር። በዩቲዩብ አይቶ በጸጉር ማድረቂያ አሙቆታል። ልጁ «ይሄ ቦርድ ነው፣ ዋጋውን ከፍቼ ሳላየው አልነግርህም፣ ሁለተኛ ግን እንዳታሞቀው» ብሎ ስልኩን ተቀበለው።

ጉድለቱንም ልናገር፣ አለበለዚያ ዘመዱ ትመስሉኛላችሁ። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ደረሰኝ የለውም፤ የእጅ ጽሁፍ ነው። ምድር ቤቱ ይሞቃል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ሰልፉ አያድርስ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ይሻላችኋል። እሁድ ዝግ ነው።

ስሙንና ቁጥሩን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፤ አሁን ያለው ሰልፍ ይበቃኛል ብሎ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ህንጻውን እነግራችኋለሁ። ቦታውን ካገኛችሁት «የሰሚቷ ማዘር ልካኝ ነው» በሉት። ወንበሩን ይለቅላችኋል ብዬ ግን ቃል አልገባም።