ንግድ ፈቃድ እድሳት፦ ከ5 ኮከብ 3

ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን ንግድ ፈቃዴን ለማሳደስ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የከርሞውም እድሳት እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ቀን "ሲስተም የለም" ተባልን። በማግስቱ ሲስተሙ መጣ፣ ፈራሚው ስብሰባ ገባ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ልጅቷ ወረቀቶቼን አገላብጣ "ጋሼ፣ የዚህ ኮፒ ይጎድላል። እዚሁ ማዶ ኮፒ ቤት አለ" አለችኝ።

"እሱማ ዝግ ነው፤ ባለቤቱ እዚህ ወረፋ ላይ ቆሟል" አልኳት።

ሳቀች። ራሷ ተነስታ ውስጥ ኮፒ አድርጋ መጣች፣ በአሥር ደቂቃ ጨረሰችልኝ። ሁለቱ ኮከብ የእሷ ነው።

ሳማርር የሰማ አንድ ሰው ከኋላዬ "ችግሩ ከላይ ነው" አለ። ይቺን ቃል አልወዳትም። የትኛው ላይ? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ላዩ ሲቀያየር አይቻለሁ። ኅዳር 2012 ሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ክልል ሆነ። ኮፒ የማደርገው ወረቀት ራስጌው ተቀየረ፣ ማኅተሙም። ነሐሴ 2015 ደግሞ የደቡብ ክልል ራሱ ፈረሰ። የቢሮ ደንበኞቼ አንዳንዱ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ፣ አንዳንዱ ሆሳዕና ሄደ። ቶነር ሳልገዛ ወራት ከረምኩ። ከተማዋ ግን የትም አልሄደችም። ቆሻሻው የሚነሳው፣ ፈቃዱ የሚታደሰው እዚሁ ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩን ነገር እንዳትረሱ። በ2008 ከተመረቀ በኋላ ሥራ ፈላጊ ልጆች መታወቂያቸውን ኮፒ ለማድረግ ደጄ ላይ ይሰለፉ ነበር። ኅዳር 2014 ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ፋብሪካዬን እዘጋለሁ አለ። ብዙም ሳይቆይ ዋሽንግተን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃው የአሜሪካ ገበያ ዕድል፣ አስወጣችን። ውሳኔው የኒውዮርክና የዋሽንግተን ነው። የቤት ኪራይ ያቃታት ልጅ ግን የምታንኳኳው የቀበሌን በር ነው።

የብሩም መንገድ ተቀይሯል። የዓለም ባንክ በ2010 ባጸደቀው ፕሮግራም 117 ከተሞች በየዓመቱ ይመዘኑ ነበር፤ ገንዘብ የሚለቀቅላቸው በውጤታቸው ልክ ነበር። ከንቲባ እንደ ተማሪ ካርድ ሲቀበል ማሰብ ደስ ይላል። ታዲያ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ራስን የማስተዳደር ሥልጣን ለአዲስ አበባ ሰጥቷል፣ የእኛን የመሰለ ከተማ ነገር ለክልል ትቶታል። ኃላፊነቱ እኛ ጋ ደርሷል፣ ሥልጣኑ ገና ባጃጅ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ለመስኮቷ ልጅ አዝንላታለሁ። ለፈራሚው ግን አላዝንም። ስብሰባን ከሰዓት በኋላ ለማድረግ የዓለም ባንክ ፈቃድ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ኮከብ ለወንበሮቹ ነው። አምና ቆመን ነበር የጠበቅነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ድረሱ፣ ሁሉንም ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ ያዙ። የደረሰኙ ጽሑፍ ቶሎ ይጠፋል፤ የእኔን ኮፒ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ከአሮጌዎቹ ማኅተሞች ጋር።