የስታንፎርድን ማሞቂያ ሄጄ አይቼ መጣሁ፦ ከፍሪጅ ጀርባ ያለው ሙቀት

ፍሪጅ ጀርባ እጃችሁን አስገብታችሁ ታውቃላችሁ? ይሞቃል። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይሠራም። ከውስጥ ያለውን ሙቀት እየለቀመ ወደ ውጭ ይጥላል፣ ሥራው ይኸው ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ጀምሮ እንጀራ የምበላው በዚሁ ሙያ ነው። አሁን ሳን ሆዜ ውስጥ የሕንፃ ኤሲና ማሞቂያ እጠግናለሁ፣ ይህችን የፍሪጅ ነገር ለደንበኛ ሳስረዳም ሃያ ዓመት አልፎኛል። ግን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሱን በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ፍሪጅ አድርጎ፣ በጀርባ በኩል የሚወጣውን ሙቀት መልሶ ለማሞቂያ ይጠቀምበታል ሲሉኝ "ይሄንንማ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" አልኩ። ተመዘገብኩና ሄድኩ።

ከሳን ሆዜ በካልትሬን ፓሎ አልቶ ወረድኩ። ባቡሩ ራሱ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። የድሮውን የናፍጣ ጩኸት የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ከጣቢያው ማርጌሪት የሚባል የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ አለ። ነጻ ነው፣ ተማሪ ሁን አትሁን የሚጠይቅህ የለም። ስሙ የፈረስ ስም ነው። ድሮ በጋሪ ሰው ታመላልስ ከነበረች ፈረስ የተወሰደ ነው ይባላል። የደብረ ዘይት ጋሪዎች ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ካምፓሱን የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው ማዕከል ከሩቅ ይታያል። ሦስት ግዙፍ ጋኖች አሉት፣ ሁለቱ የቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዱ የሙቅ። የሙቁ ብቻውን ከ2 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ይይዛል። ቦይለር ቤት ስለለመድኩ "ሊያቃጥለኝ ነው" ብዬ ጃኬቴን አውልቄ በክንዴ ይዤ ነበር የገባሁት። ምንም የለም! መልሼ ለበስኩት። የጭስ ሽታ የለም፣ እንፋሎት የሚያፏጭበት ቦታ የለም፣ ያለው ወፍራም የሞተር ድምፅና ሥርዓት ይዞ የተዘረጋ ቧንቧ ነው። እንደ ልማዴ አንዱ ማሽን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ለማንበብ ጎንበስ ስል አስጎብኚዋ ሳቀችና "ቴክኒሺያን ነዎት አይደል?" አለችኝ። ሙያ አይደበቅም።

አሁን ዋናው ነገር። እስከ 2015 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ካምፓሱ የሚሠራው በ1987 በተተከለ የጋዝ ማመንጫ ነበር። ጋዝ ይቃጠላል፣ ኤሌክትሪክ ይወጣል፣ እንፋሎቱ ደግሞ በመሬት ውስጥ ቧንቧ እየሄደ ሕንፃ ያሞቃል። በጊዜው ዘመናዊ የሚባል ነበር። በሌላ በኩል ቤተ ሙከራው፣ የኮምፒውተር ክፍሉ፣ ሆስፒታሉ ክረምት ከበጋ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ። ከእነሱ የተለቀመው ሙቀት በኩሊንግ ታወር፣ ማለትም ውሃ እያተነነ ሙቀት በሚጥል ማማ በኩል፣ ሰማይ ላይ ይበተናል። በአንድ በር ሙቀት እየጣሉ በሌላው በር ጋዝ አቃጥለው ሙቀት ይሠሩ ነበር ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲውን ኃይል ክፍል ይመራ የነበረው ጆሴፍ ስታግነር እና ባልደረቦቹ ያደረጉት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። የሚጣለውንና የሚፈለገውን ሙቀት በየሰዓቱ ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩት። አብዛኛው በተመሳሳይ ሰዓት ይገጣጠማል። እኔ በስንት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆሜ ያ ሙቅ አየር ፊቴን ሲገርፈኝ "ኧረ ይሄ ይባክናል" ብዬ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናሁ።

ማስተካከሉ ግን ቀላል አልነበረም። 485 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። 22 ማይል ቧንቧ ተቀበረ፣ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ነው። 155 ሕንፃዎች ከእንፋሎት ወደ ሙቅ ውሃ ተቀየሩ፣ ያውም ትምህርት ሳይቋረጥ። የእንፋሎት መስመር የጠገነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እንፋሎት በየመንገዱ ሙቀቱን እያፈሰሰ ነው የሚሄደው፣ ስትነካካው ደግሞ ይፋጃል። ሙቅ ውሃ ገር ነው። አሁን ሙቀቱን ከቀዝቃዛው መስመር ለቅመው ወደ ሙቁ መስመር የሚያሻግሩ ልዩ ቺለሮች (የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽኖች) አሉ፣ ከካምፓሱ የማሞቂያ ፍላጎት ከ90 በመቶ በላይ የሚሸፈነው በዚህ መንገድ ነው። ያልጠበቅሁት ጥቅም ውሃ ነው። በታወሩ የሚተነው ውሃ ስለቀነሰ የካምፓሱ የውሃ ፍጆታም አብሮ ወረደ፣ ይህ ደግሞ ካሊፎርኒያ በድርቅ እየተቃጠለች በነበረበት ሰዓት ነው።

ጋኖቹ ለምንድን ነው? ቤታችን ውሃ በሚመጣበት ሰዓት በርሜል እንደምንሞላው ነው። ሶፍትዌሩ የአየር ትንበያውንና የኤሌክትሪክ ዋጋውን አስቀድሞ ያያል፣ መብራት ሲረክስ ማሽኖቹን አስነስቶ ጋኑን ይሞላል፣ ሲወደድ ከጋኑ ይቀዳል። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ፊት ትንሽ ቆየሁ። ቡድኑ ትቶኝ ሊሄድ ነበር።

የፀሐይ ኃይሉን ብዙ ሰው ያወራለታል፣ እኔ ግን አጠር አደርገዋለሁ። በ2016 ደቡብ ካሊፎርኒያ ሮዛመንድ አጠገብ 67 ሜጋ ዋት ተከሉ። በ2022 ሌሙር አጠገብ ሁለተኛው ሲጀምር "መቶ በመቶ ታዳሽ ኤሌክትሪክ" አሉ። ከመጀመሪያው ሶላርና ከአዲሱ ማዕከል ጋር የካርቦን ልቀታቸው ከፍተኛ ከነበረበት ጊዜ 68 በመቶ ወርዷል ይላሉ። ጥሩ ነው። ግን መቶ በመቶው የዓመት ሒሳብ መሆኑን እወቁ። ሌሊት ላይ ካምፓሱ የሚስበው ከግሪዱ፣ ከጋራው የኤሌክትሪክ መረብ ነው፣ ግሪዱ ላይ ደግሞ ጋዝ አለ።

አሁን ወደማይጥመኝ ልምጣ። አንደኛ፣ ሁሉን ነገር በመብራት ካደረግህ መብራት ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል። በሰኔ 2022 በአቅራቢያው በተነሳ የሰደድ እሳት ምክንያት ካምፓሱ ለቀናት መብራት አጥቶ ትምህርት ተሰርዟል። እኛ የለመድነው ነገር ነው፣ እነሱ ግን ግራ ገብቷቸው ነበር። ለመጠባበቂያ ተብለው የተቀመጡ በጋዝ የሚሠሩ የውሃ ማሞቂያዎችም ማዕከሉ ውስጥ አሉ፣ ሶላሩን የሚያወራው ሰው እነሱን ሲጠራ አልሰማም።

ሁለተኛ፣ የሕንፃው ነገር የልቀቱ አንድ ጎን ብቻ ነው። በረራ፣ ምግብ፣ የሚገዛ ዕቃ፣ አዲስ ግንባታ ገና ነው። የስፖርት ቡድኖቹ ነገር ደግሞ አስቆኛል። በ2024 አትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ውስጥ ገቡ። ፓስፊክ ዳር ተቀምጦ የአትላንቲክ ሊግ! ከቧንቧ ላይ በስንት ልፋት የቀነስከውን አውሮፕላን ላይ ትጭነዋለህ።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በ2014 ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ያለውን የድንጋይ ከሰል ኢንቨስትመንት አወጣ፣ በ2020 ግን የባለአደራዎች ቦርዱ ከነዳጅ ኩባንያዎች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ለመውጣት አልፈለገም፣ ይልቅ እስከ 2050 ኔት ዜሮ እንሆናለን፣ ማለትም የምንለቀውንና የምናስወግደውን ካርቦን እኩል እናደርጋለን አለ። በ2022 ከባለሀብቶቹ ከጆን ዶር እና ከአን ዶር በተገኘ 1.1 ቢሊዮን ዶላር የዘላቂነት ትምህርት ቤት ከፈተ። ዲኑ አሩን ማጁምዳር ከነዳጅ ኩባንያ የምርምር ገንዘብ እንቀበላለን ሲሉ ተማሪዎች ተቃወሙ። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ነኝ። ጋዙን ከምድር ቤት አውጥተህ ቼኩን በፊት ለፊት በር ማስገባት አይሆንም።

ባቡር ውስጥ ሆኜ የተማርኩበትን ግቢ አሰብኩ፣ ስሙ ይቅር። አገር ቤት አብዛኛው መብራት ከውሃ ነው የሚመጣው፣ አዲስ አበባም ማሞቂያም ኤሲም ያን ያህል አትፈልግም። ስለዚህ "እኛም ሶላር እንትከል" ብሎ መጀመር ለኔ የተሳሳተ ቦታ ነው። የእኛ ግቢ ጭስ የሚወጣው ከካፌ ጀርባ ነበር። የማገዶው ክምር ከመኝታ ሕንፃው ይረዝማል። ገና ሳይነጋ የሚጋግሩት እናቶች ዓይናቸው ቀልቶ፣ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ለሺዎች እንጀራ ያወጣሉ። እኛ ደግሞ ሹሮው ቀጠነ ብለን እንጮሃለን። እዚያ ምድጃ ላይ ያለው ሙቀት ስንቱ ምጣዱን አገኘ፣ ስንቱ ወደ ጣሪያው ሄደ? የለካው ሰው የነበረ አይመስለኝም። ምርጥ የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ እንኳ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ለዚያ ደግሞ 485 ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለቧንቧው አምስት፣ ለሶላሩ አራት፣ ለገንዘቡ ጉዳይ ሁለት። ሙያው ያላችሁ፣ ልጅ ኢንጂነሪንግ ማስተማር የምትፈልጉም፣ ሂዱ። አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ዝም ብሎ በር ማንኳኳት አይሠራም። ሽፍን ጫማ አድርጉ። ብዙ መቆም አለ፣ ወገብ የሚያማችሁ አስቡበት። ምሳችሁን ከቤት ያዙ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ አንድ ሳንድዊች የሳን ሆዜን ሁለት በየዓይነት ያህል ያስከፍላል። እኔ በፌስታል ይዤው የሄድኩትን ፍርፍር አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ በላሁና በሚቀጥለው ማርጌሪት ተመለስኩ።