የታፈነውን ጥዳችንን ያተረፉልን የችግኝ ባለሙያ

ከአቃቂ ወጣ ብሎ በሚገኘው የወላጆቼ ግቢ ውስጥ እናቴ በ1994 ዓ.ም. ክረምት የተከለችው አንድ የሐበሻ ጥድ አለ። ስትተክለው ቁመቱ ከጉልበቷ አያልፍም ነበር፤ ዛሬ ከቤቱ ጣራ በላይ ሆኖ ቡና የምንጠጣው ከጥላው ሥር ነው። ይህ ዛፍ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከውስጥ በኩል ቡናማ መሆን ጀመረ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም በደቡብ በኩል ያሉት የታችኞቹ ቅርንጫፎች የዛገ ሽቦ መሰሉ። ያተረፉልንን ባለሙያ ሥራ በዝርዝር የምጽፈው፣ ጥዳቸው ቢደርቅባቸው ወዲያው መጥረቢያ የሚያነሡ ሰዎች በሰፈራችን ብዙ መሆናቸውን ስለማይ ነው።

ባለሙያውን ከመጥራታችን በፊት ሁለት ስሕተት ተፈጽሟል። የመጀመሪያው የራሳችን ነው፤ የደረቀ ነገር ሁሉ ውኃ የጠማው ስለመሰለን ወንድሜ ማታ ማታ ሁለት ባልዲ ውኃ ያፈስስለት ነበር። ሁለተኛው ከአንድ የእርሻ መድኃኒት ሻጭ የመጣ ነው፤ ዛፉን ሳያይ፣ ቅጠሉን እንኳ አምጡ ሳይል፣ ተባይ ነው ብሎ ኬሚካል ሸጠልን። ሁለት ጊዜ ረጨን፤ ለውጥ አልታየም። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤታችን በዋናው መንገድ ዳር ችግኝ እያፈሉ የሚሸጡ፣ ቀደም ሲልም በደን ሥራ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ አንድ አረጋዊ እንዳሉ ነገረችን።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ መጡ። በእጃቸው የያዙት አንድ ነጭ ወረቀት፣ አንድ ሰንጢና አንድ አጭር ዶማ ነው፤ የመርጫ ዕቃ አልነበረም። ዛፉን ራቅ ብለው ሁለት ጊዜ ከዞሩት በኋላ ወረቀቱን ከአንድ ቅርንጫፍ ሥር ዘርግተው ቅርንጫፉን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። የወደቀው አቧራና ጥቂት የደረቀ ቅጠል ብቻ ነበር። የሚፈልጉት የጥድ ክሽክሽን መሆኑን አስረዱኝ፤ ይህ ግራጫማ ቡናማ ተባይ በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ ከታየ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ተዛምቶ የፈረንጁንም የሐበሻውንም ጥድ ያጠቃ ሲሆን፣ እሱ የሰፈረበት ቅርንጫፍ ያጣብቃል፣ ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታ ይለብሳል፣ ጉንዳንም ይመላለስበታል። በእኛ ዛፍ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልተገኘም። የረጨነው ኬሚካል አጥፍቶት ይሆን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እሱ ቢሆን ጥቀርሻው ይቀር ነበር፤ መድረቁም በቆመ ነበር» አሉ። ቀጥለው የደረቀውን ቅርንጫፍ ልጣጭ በሰንጢ ፋቅ ሲያደርጉት ከሥሩ ቡናማ ሆኖ ታየ፤ ከፍ ብሎ ያለውን የገረጣ ቅርንጫፍ ሲፍቁት ግን እርጥብ አረንጓዴ ወጣ። ገና ነፍስ አለው ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ግንዱ እግር ወረዱ። ጤነኛ ዛፍ መሬት ሲደርስ እንደ ቀሚስ ዘርፍ እየሰፋ ይገባል እንጂ እንደ ተተከለ የመብራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ የእኛው ቀጥ ብሎ ነበር የገባው። አፈሩን በእጃቸውና በዶማው እየጫሩ ሲወርዱ ግንዱ መስፋት የጀመረው ከአንድ ክንድ ገደማ በታች ነው። ነገሩ ትዝ ያለኝ ይህን ጊዜ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ግቢውን ታይልስ ስናስነጥፍ ሠራተኞቹ የቆፈሩትን ዋልካ በዛፉ ዙሪያ ደልድለውት ነበር፤ የጣራው አሸንዳ መውረጃም በዚያው ሥራ ወደ ዛፉ ዞሯል። ባለሙያው ከጉድጓዱ አንዲት ቀጭን ሥር በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ ሲያደርጓት ልጣጯ እንደ እጅጌ ወልቆ በእጃቸው ቀረ፤ ከውስጥ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ብቻ ተረፈ፤ ሽታውም የታቆረ ቦይ ሽታ ነበር። «ልጄ፣ ይህ ዛፍ ውኃ አልጠማውም፤ ትንፋሽ አጥቶ ነው» አሉኝ።

የሐበሻ ጥድ የተራራ ዛፍ ነው። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ጥድ የሚበረታው ዝናቡ ወርዶ በሚያልፍበትና ውኃ በማይቆምበት ተዳፋት ነው። የአቃቂ ሜዳ ግን ዋልካ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፣ በክረምት አብጦ ይደፈንና ለአየር የሚሆን ቀዳዳ አያስቀርም። ውኃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይ ባለው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሚገኙ፣ በላያቸው አፈር ሲከመርና ታይልስ ሲነጠፍ ይታፈናሉ፤ የሞተ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ልክ ውኃ እንዳጣ ዛፍ ይደርቃል። ይህን ያየ ሰው ውኃ ሲጨምር ሥሩ ይብስ ይበሰብሳል፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጥድ ሕመሙን ወዲያው ስለማይናገር የሚያዝያው ሥራ ጉዳት ሙሉ ክረምት አልፎ ጥቅምት ላይ ታየ።

ሕክምናው ሁለት ቀን ፈጀ። ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር የተከመረውን አፈር የግንዱ እግር እስኪታይ ድረስ አነሡ፤ ወደ ዋና ሥሮቹ ሲቃረቡም ዶማውን አስጥለው በእጅና በእንጨት አስጫሩ። ከግንዱ ዙሪያ እስከ ሁለት ሜትር ያለው ታይልስ ተነቀለ፤ አባቴ ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ስለነበር ቅር ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲያ ባለው መሬት ላይ 40 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቁ ጠባብ ጉድጓዶች በዲጂኖ ተቆፍረው በጠጠርና በበሰለ ኮምፖስት ተሞሉ፤ የአሸንዳውም ውኃ በቱቦ ወደ ቦዩ ተመለሰ። በመጨረሻ ደረቅ ሣርና ቅጠል አራት ጣት ያህል ተጎዘጎዘ፤ ግንዱን እንዳይነካ ግን አንድ ስንዝር ክፍት ተትቶለታል። ዩሪያ እንጨምርለት ወይ ብዬ ስጠይቃቸው በጽኑ ከለከሉኝ፤ ሥሩ የታመመን ዛፍ የማይችለውን ቅጠል እንዲያወጣ ማስገደድ ነው አሉ። ውኃም ቢሆን ቀጭን ብረት ወደ አፈሩ ሰክተን ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ብቻ እንድናጠጣ አዘዙ፤ በዚያ በጋ ያጠጣነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ለምርመራው 1,000 ብር፣ ለሥራው ከነሠራተኞቹ 8,500 ብር ከፍለናል፤ ዛፉን ለማስቆረጥ የተጠየቅነው ከዚህ ይበልጥ ነበር። ቅሬታ የለኝም አልልም። ከተቀጠሩበት ቀን አራት ቀን ዘግይተው ነው የመጡት፤ ስልካቸውም አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ስለሆነ ችግኝ ጣቢያቸው ድረስ ሄዶ ማግኘት ይሻላል። ምክራቸውን በጽሑፍ ስለማይሰጡ እየተናገሩ መጻፍ ያስፈልጋል፤ እኔ በሁለተኛው ቀን ነው ደብተር የያዝሁት፤ በመጀመሪያው ቀን ካስረዱኝም የረሳሁት አለ። ከሁሉ በላይ የወደድሁላቸው ግን የማይችሉትን አለመማላቸው ነው። ጥድ ቅጠሉ ከረገፈበት አሮጌ እንጨት እንደገና ስለማያቆጠቁጥ፣ በደቡብ በኩል የደረቁት አምስት ቅርንጫፎች እንደማይመለሱ አስቀድመው ነገሩን፤ የቀረውም መዳኑን የሚያውቁት ቀጣዩ ክረምት ካለፈ በኋላ እንደሆነ አስረዱን። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ሳንጠራቸው መጥተው ሥሩን ጫር አድርገው አዩ፤ ነጣ ያለ አዲስ ሥር ወጥቶ ሲያገኙም እናቴን ጠርተው አሳዩአት፤ ለዚህ ክፍያ አልተቀበሉም።

አሁን ሁለተኛው ክረምት አልፏል። የገረጡት ቅርንጫፎች ጫፋቸው አረንጓዴ ሆኗል፤ መድረቁም ከታኅሣሡ ሥራ ወዲህ ወደ ላይ አልወጣም። የተቆረጡት የአምስቱ ቅርንጫፎች ቦታ ክፍት ስለሆነ በበጋ ፀሐይ ይገባበታል፤ እናቴም ረከቦቷን ወደ ሰሜኑ ጥላ አዙራዋለች።