የአደራ ደብዳቤ ከመድረሻ ማረጋገጫ ጋር፦ ለአካል ጉዳት አበል እድሳት ያዋጣል ወይ?

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አምስተኛዋን ለምን እንደነፈግኩት ታች ታገኙታላችሁ። የማወራው ፖስታ ቤት ስለሚሰጠው የአደራ ደብዳቤ ነው፣ ሬኮማንዴ የሚሉትም አሉ፣ ተቀባዩ ፈርሞበት ከሚመለሰው ካርድ ጋር ማለቴ ነው። የተጠቀምኩበት የአበል እድሳት ወረቀት ለመላክ ስለሆነ ሌላ ነገር ለምትልኩ ሰዎች ምናልባት ብዙም አይጠቅማችሁም።

ለማያውቀው ሰው፣ አበል አንዴ ተፈቀደ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ ጊዜው ሲደርስ ፎርም ይመጣል፣ ሞልተህ የሐኪም ማስረጃ አያይዘህ በቀነ ገደቡ ትመልሳለህ፣ የተቆረጠ እግር በመሀል ይበቅላል ብለው ነው መሰለኝ። ቀኑ ካለፈ ክፍያው ሊቆም ይችላል። እኔም ራሳቸው በላኩት ኤንቨሎፕ መልሼ ላኩት፣ ከዛ ዝም ዝም ሲል ቆየና አንድ ቀን "ፎርምዎ ስላልደረሰን" ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ መጣ። ደወልኩ። "ሲስተም ላይ የለም" አለችኝ ልጅቷ፣ ኧረ እህቴ ልኬዋለሁ እኮ ስላት "ልከው ከሆነ ማስረጃ ይኖርዎታል?" አለች። በትህትና ነው ያለችው፣ ግን የሷ መስሪያ ቤት የጣለውን ወረቀት እኔ አለመጣሌን የማስረዳው እኔ ነኝ ማለት ነው። ተራ ፖስታ ደግሞ ማስረጃ የለውም፣ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ያየሁት የምትል ነፍስ የለችም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር በአደራ ላኩት። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ሳጥን ውስጥ አይጨመርም፣ መስኮት ላይ ሰጥተህ ደረሰኝ ትቀበላለህ፣ ኤንቨሎፑ ላይ ባር ኮድ ያለው ስቲከር ይለጠፋል። ወደ ውጭ አገር የሚላከው ላይ ያለው ቁጥር በአለም ፖስታ ህብረት ደንብ 13 ምልክት ነው፣ 2 ፊደል፣ 9 ቁጥር፣ ከዛ 2 የአገር ፊደል፣ የአደራ ከሆነ የመጀመሪያዋ ፊደል የእንግሊዝኛዋ R ናት። ዘጠነኛዋ ቁጥር ለመፈተሻ የተቀመጠች ናት፣ በስልክ ስታነቡላቸው አንዷን አሳስተው ከጻፉ ሲስተሙ ብዙ ጊዜ አይቀበላቸውም፣ "ቁጥሩ የለም" ከተባላችሁ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ እንደገና አስነብቡ። ካርዱ ደግሞ ተቀባዩ ስሙን ቀኑን ጽፎ ፈርሞበት ወደናንተ ይመለሳል፣ አንዳንድ ቦታ አሁን በኢሜይል ነው የሚመጣው። ትራክ ብቻ የሚደረገው ርካሽ አይነት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፣ እሱ ብዙ ጊዜ "ደርሷል" ይላል እንጂ ማን ተቀበለው ሲባል መልስ የለውም።

አሁን ወደ ነፈግኳት ኮከብ። ካርዱ የሚመሰክረው ኤንቨሎፕ መድረሱን ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይመሰክርም፣ ይሄንን ማንም መስኮት ላይ አይነግራችሁም። የፈረመው ሰው የናንተን ፋይል የያዘው ሰው አይደለም፣ መዝገብ ቤት ያለ ሰው ነው፣ በቀን ስንት ኤንቨሎፕ እንደሚፈርም ፈጣሪ ይወቀው። ከዛ ይከፈታል፣ ስቴፕሉ ይነቀላል፣ ስካነር ውስጥ ይገባል፣ ወረቀት የሚጠፋው በብዛት እዛ ጋር ነው፣ መንገድ ላይ አይደለም። ሁለተኛውን ዙር ስልክ ስደውል ኤንቨሎፑ ተገኘ፣ የካርዱን ቀን ሳነብላቸው "እሺ በቀኑ ገብቷል" ብለው መዘገቡልኝ፣ ያቺ አንዷ ነገር ብቻዋን ለአደራው የከፈልኩትን ታካክሳለች፣ ክፍያው እንዲቆም የተባለውም ተነሳ። የሐኪሙ ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ግን የለም ተባለ! ሐኪሙ ፊትና ጀርባ ነበር ያተመው፣ ስካነሩ ፊቱን ብቻ ነው የበላው። ደግነቱ ኮፒ ነበረኝ፣ ኦሪጅናሉን መጀመሪያውኑ አላኩትም፣ ካልጠየቁ በስተቀር አይላክም፣ ከጠየቁም ሳይገለበጥ ከቤት አይወጣም።

ከዛ በኋላ የምልከው ሁሉ በአንድ ፊት ብቻ የታተመ ነው፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ስሜና የፋይል ቁጥሬ አናቱ ላይ አለ፣ ታች ደግሞ ከስንት ስንተኛ ገጽ እንደሆነ ይጻፍበታል። ፊት ለፊት አንድ ሸኚ ደብዳቤ ትደረጋለች፣ ምን ምን እንዳያያዝኩ በስም ትዘረዝራለች፣ የፖስታውን የአደራ ቁጥርም እዛው ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ መስኮቱ ጋ ስቲከሩ ከተሰጠኝ በኋላ ኤንቨሎፑን ሳላሽግ ማለት ነው። ይሄ ነገር ፖስታ ቤቱ የማይሰጠውን ግማሽ ይሞላል፣ አንድ ገጽ ቢጠፋ "ከዝርዝሩ ይሄኛው የት ሄደ" ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ኤንቨሎፑን ያገኘ ሰው ዝርዝሩንም አግኝቷላ። እስቴፕል አልመታም፣ ክሊፕ ነው።

ጥቃቅን ቅሬታዎች። የደረሰኙ ወረቀት ቴርማል ነው፣ ሙቀትና ብርሃን ያደበዝዘዋል፣ ክርክሩ ሲመጣ ባዶ ወረቀት ይዛችሁ እንዳትቀሩ በዛው ቀን ፎቶ አንሱት። ጽሁፉም ደቃቅ ነው፣ አይኑ ለደከመ ሰው የሚነበብ አይደለም። መስኮቱ ደግሞ ለቆመ ሰው ቁመት የተሰራ ነው፣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ከስር ሆኖ እጁን ዘርግቶ ነው የሚፈርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 ተደራሽነት የሚለው ይሄንኑ ነበር። በነገራችን ላይ ለአይነ ስውራን የሚላክ የብሬል ጽሁፍ በአለም ፖስታ ህብረት ስምምነት ከፖስታ ክፍያ ነጻ ነው፣ ደስ የሚል ነገር፣ ፎርሙን ግን በብሬል ልኮልኝ የሚያውቅ የለም እና ለኛ ጉዳይ አልሰራም።

ካሳ የሚባል ነገርም አለው፣ መንገድ ላይ ከጠፋ ማለት ነው። አትጓጉለት፣ የተወሰነች ብር ናት፣ ለጠፋው የሐኪም ወረቀት ሌላ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አታስይዝም። ወደ ውጭ ለተላከ አቤቱታ የሚቀበሉት ከላካችሁ ማግስት ጀምሮ እስከ 6 ወር ነው፣ የአገር ውስጡ እንደየቦታው ስለሚለያይ መስኮቱ ላይ ጠይቁ።

ከሌላው ጋር ላወዳድረው። ፋክስ አሁንም የሚቀበሉ ቢሮዎች አሉ፣ የሚያወጣው የማረጋገጫ ወረቀት ገጽ ስለሚቆጥር በዛ በኩል ከካርዱ ይበልጣል፣ ግን ስልኩ ደረሰ እንጂ ጽሁፉ ተነበበ አይልም። ኦንላይን መጫን ካለ ፈጣን ነው፣ ከጫናችሁ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ስክሪንሾት አድርጉ። ከሁሉም የምመርጠው በአካል ሄዶ ኮፒው ላይ የገቢ ማህተም ማስመታት ነበር፣ ለሚችል ሰው። ደረጃ ያለው ህንጻ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ላለ የአካል ጉዳት ቢሮ ሂድና አስመታ ማለት ግን ራሱ ቀልድ ነው፣ አደራ ደብዳቤውን የምወደው ለዚህ ነው፣ እኔ ሳልሄድ ፊርማ ያመጣልኛል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ቀነ ገደባችሁ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ከሆነ ይሄን አገልግሎት ተዉት፣ እየተፈራረሙ ስለሚቀባበሉት ከተራው ሊዘገይ ይችላል። ደውላችሁ ቀን እንዲጨምሩላችሁ ጠይቁ፣ የመለሰላችሁን ሰው ስምና ሰአቱን ጻፉ፣ ወይ የምታምኑትን ሰው ኮፒ አስይዛችሁ ላኩና ገቢ ያስመታላችሁ።