ውሻ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሸዋ የምትወጡ፣ «ሙሉ ፓኬጅ» ከሚሏችሁ ተጠንቀቁ

በዚህ ክረምት ከውሾቻችሁ ጋር ወደ ሰሜን ሸዋ ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ለማንም ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በቴሌግራም የሚሸጥ አንድ ጉዞ አለ። መኪና ከነሹፌሩ፣ ውሻ የሚቀበል ማደሪያ፣ የውሻ ምግብ፣ የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ መግቢያ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ ይላል። እኔና ባለቤቴ ከፍለን ሄደንበታል። መኪናው የተባለው መኪና አይደለም። ማደሪያው ውሻ አልተቀበለም። ጓሳ ውሻ አይገባም። ማስያዣ ብለን ካስቀመጥነው 40,000 ብር ደግሞ ግማሹ እንኳ አልተመለሰልንም።

የሻጩን ስም አልጽፍም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ደግሞም ይህን የሚሠራው እሱ ብቻ አይመስለኝም። ከተመለስን በኋላ ያው ማስታወቂያ፣ ያው ፎቶ፣ በሌላ ስም ሲዞር አይቻለሁ። ስለዚህ አሠራሩን እወቁት።

እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደሚገዛ ውሻ ያለው ሰው ያውቀዋል። ሚኒባስ ውሻ አይጭንም። አውቶቡስማ አይታሰብም። ሆቴል ደውላችሁ «ሁለት ውሾች አሉን» ስትሉ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። እኛ ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን፤ ረጅም እረፍት የምናገኘው ክረምት ላይ ነው። ቡቺ አርጅታለች፣ ጆሮዋም ከብዷል። ለዘበኛ ትተናት ብንሄድ ምግብ አትነካም። ቦቢ ደግሞ ያለእሷ አያድርም። «ውሾቻችሁ እንደ ቤተሰብ ይስተናገዳሉ» የሚለው ማስታወቂያ የተጻፈው እንደኛ ላለ ሰው ነው።

መጀመሪያ መኪናው። በጽሑፍ የላኩልን «ፎር ዊል፣ ለክረምት መንገድ የተዘጋጀ» የሚል ነበር። ጠዋት በራችን ላይ የቆመው ከውጭ ሲያዩት ፎር ዊል ይመስላል። ባለቤቴ ገብቶ አየው። የፎር ዊል ማስገቢያ ማርሽም ቁልፍም የለውም፤ የሚጎትተው በፊት ጎማ ብቻ ነው። የኋላ ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልቋል፤ ጣቴን ባስኬድበት ልሙጥ ነው። ስኮርታው አየር የለውም። ታርጋው ኮድ 2። ስንደውል «የያዝንላችሁ መኪና ትናንት ማታ ተበላሸ፤ እንዲያውም ይሄ ይሻላችኋል፣ ነዳጅ አይበላም» ተባልን። በዚያ ሰዓት ሙሉ ክፍያው ተልኳል፣ ሻንጣው ወጥቷል፣ ውሾቹ በር ላይ እየዘለሉ ነው። መኪናውን በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚቀይሩት ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ቆሞ «ይቅርብኝ» የሚል ሰው ጥቂት እንደሆነ ያውቃሉ።

የታርጋውን ነገር በቀላሉ አትዩት። ኮድ 2 የግል መኪና ነው፤ ለኪራይ የሚሠራው የንግድ ታርጋ፣ ኮድ 3 ነው። መስታወቱ ላይ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ተለጥፎ ስላያችሁ ብቻ ልባችሁ አይረፍ። ሦስተኛ ወገን ለራሱ ለመኪናው ጉዳት አይከፍልም። ሙሉ ኢንሹራንስ ቢኖረው እንኳ፣ ውሉ የተገባው ለግል አገልግሎት ከሆነ፣ መኪናው ተከራይቶ ሳለ ለደረሰ ጉዳት ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ባለመኪናው ዞሮ የሚይዘው እናንተን ነው።

እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ማንኛውም መኪና ይሄደዋል። ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱ እንጂ አካሉ አይታይም። ከዚያ ተገንጥሎ ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ዝናብ ሲመታው ጭቃ የሚሆን ቦታ አለው። አንድ ዳገት ላይ ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ መኪናው ወደ ገደሉ በኩል ሸርተት አለ። ውሾቹን ይዤ ወረድኩ። ባለቤቴና ከብት የሚጠብቁ ልጆች ገፍተው አወጡት። ሻጩ ስልክ አላነሳም።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን የጓሳው ነው።

ፓኬጁ ላይ «ከውሾቻችሁ ጋር በጓሳ ሣር ላይ የእግር ጉዞ» የሚል በግልጽ ተጽፏል። ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ባናቸውን ተከናንበው ወደ መኪናው መጡ። ውሾቹን አዩ። «ልጆቼ፣ እናንተ ግቡ። ውሾቹ ግን ይህን ሣር አይረግጡም» አሉን። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው ቁጭ ብለው አስረዱን። መንዝ ጓሳ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ሥፍራ ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ነው። የመንዝ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት በራሱ ሥርዓት ሣሩን እየከለለ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እያጨደ ቤቱን የከደነበት ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮ ከቀሩላት ጥቂት ቦታዎች አንዱም ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም፤ እዚህም ያሉት ተደምረው ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው።

የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው ገዳይ የውሻ በሽታ ወደ ቀበሮዎቹ የሚገቡት ከቤት ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ባሌ ተራሮች ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ቀበሮዎቹን ረፍርፏቸዋል። «የኔ ውሻ ተከትቧል» ማለት አይበቃም። የእብድ ውሻ ክትባት ዲስቴምፐርን አይከላከልም። መዥገርና ቁንጫም ክትባት አያውቅም። ሽማግሌው ልክ ናቸው። ሕጉ ልክ ነው። እንዲህ ባይጠብቁት እስከ ዛሬ የሚታይ ቀበሮ ባልኖረ።

ታዲያ ሻጩ በመጨረሻ ስልክ ሲያነሳ ምን አለን? «ጠባቂውን ትንሽ ነገር አስጨብጡት፣ ይገባሉ።» ይህን ሲናገር አንድም ቃል አልከበደውም። የሸጠልን የሱ ያልሆነውን ነገር ነው። ለሱ የአንድ ቀን ኮሚሽን ነው፤ ለመንዝ ሰው የአያት የቅድመ አያት ጥብቅ መሬት ነው። አላስጨበጥንም። ውሾቹ መኪናው ውስጥ እንደሆኑ ሳይወርዱ አልፈን መሐል ሜዳ ገባን። ጭላዳዎቹን በመስኮት አየን፤ እሱም ደስ ይላል።

መሐል ሜዳ ላይ ደግሞ የምግቡ ነገር ወጣ። የተነሣነው በሐምሌ መጨረሻ ስለሆነ ፍልሰታ መንገድ ላይ ያዘችን። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሥጋ ቤት ዝግ ነው። በመንዝ ከተሞች ጾም ሲገባ አጥንትም ቅንጥብጣቢም አይገኝም፤ እንቁላልና ወተትም ይጠፋል። ይህን የሰሜን ሸዋን ጉዞ እሸጣለሁ የሚል ሰው ማወቅ ነበረበት። «የውሻ ምግብ ተካቷል» ያለው ነገር በየምግብ ቤቱ የተረፈ ሽሮ ሆኖ ተገኘ። ሽሮ ለውሻ አትስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። እኛ ሩዝ ገዝተን፣ አንዲት እናት ማድቤታቸውን ፈቅደውልን፣ እዚያ ቀቅለን አበላናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። በፍልሰታ የምትወጡ ከሆነ ደረቅ የውሻ ምግብ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ውጡ።

ስለ ማደሪያው ብዙ አልልም። ደብረ ብርሃን ላይ «ውሻ እንቀበላለን» የተባለው ቤት ስለኛ የሰማው ነገር አልነበረም፤ ሌላ ስንፈልግ መሸ። በቀሩት ቦታዎችም እንዲሁ ነው። ውሾቻችሁን በደጋው ብርድ ውጭ አታሳድሯቸው። ጅብም አለ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሌላ ጉድ መጣ። ከጣርማበር ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ቆላ በአንድ ቁልቁለት ነው የሚወረደው። ጠዋት ጋቢ ለብሳችሁ ከሰዓት ያልባችኋል። ኤሲው የሚነፋው ሞቃት አየር ነው። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ቡቺ ምላሷ ወጥቶ፣ ድዷ ደም መስሎ፣ ዓይኗ ሲፈዝ አየሁ። መኪናውን አስቁመን ጥላ ሥር አስተኛናት፤ ሆዷንና መዳፏን በውኃ አራስን፣ በጥቂት በጥቂቱም አጠጣናት። ተነሣች። ሸዋ ሮቢት ላይ አላደርንም፤ በዚያው ተመለስን። ውሻ የሚጫንበት መኪና ኤሲ ከመነሣታችሁ በፊት ሞተሩ ተነሥቶ፣ በእጃችሁ መዳፍ መሞከር አለበት። «ይሠራል» የሚል ቃል አትቀበሉ።

ማስያዣውን አሁን ልንገራችሁ። ስንመለስ «የሽታ ማስወገጃና ጽዳት 18,500፣ የወንበር ልብስ 6,000» ብሎ ቆርጦ 15,500 ብር በቴሌብር ላከልን። ውሾቹ የተቀመጡት ላስቲክ አንጥፈን፣ በላዩ ላይ የራሳችንን ብርድ ልብስ አድርገን ነው። ከመነሣታችን በፊትም ስንመለስም ወንበሩን በስልክ ቀርጸነዋል። ወጣቱ ሹፌር ነገሩን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። እሱን አልወቅሰውም፤ አበሉን ስላልሰጡት መኪና ውስጥ ነበር የሚያድረው። ባለመኪናው ጋ ደወለልን። ባለመኪናው ስለ 40,000 ብር ሰምቶ አያውቅም። ጽዳትም አልጠየቀም። መኪናውን በቀን ሒሳብ ለሻጩ አከራይቶ ቁጭ ብሏል። ማስያዣው እንዲያዝለት የተባለው ሰው ማስያዣ መኖሩን አያውቅም።

ስለዚህ ክፍያችሁ ምን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ለይታችሁ አስጽፉ። ቀብድ ሌላ፣ የጉዳት ማስያዣ ሌላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ማስያዣ ግን የናንተው ገንዘብ ነው፤ ጉዳት ካልደረሰ ሊመለስ የተቀመጠ ነው። «ለመያዣ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ከተጻፈች ሰውየው እንደፈለገ ይተረጉማታል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ስለምትገዙት አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እኛ በዚህ ላይ ተመሥርተን ማመልከቻ አስገብተናል። ማስታወቂያው፣ የቴሌግራም ምልልሱና የቴሌብር መልእክቱ ሳይጠፋ በእጃችን ስላለ ነው ይህን ማድረግ የቻልነው። አንዳንዱ ሻጭ ምልልሱን ከሁለቱም ወገን ያጠፋዋል፤ በዚያው ቀን ስክሪንሾት ያዙ።

ለመሄድ የቆረጣችሁ ደግሞ አትቅሩ፤ ሀገሩ ያምራል። አንኮበር ጉሙ ገለጥ ሲል እስከ አፋር ቆላ ድረስ ያሳያችኋል። መኪናውን ግን ከባለቤቱ ራሱ ተከራዩ፣ ሊብሬውን አይታችሁ። ማደሪያዎቹ ጋ ራሳችሁ ደውሉ፤ የውሾቹን ብዛትና ቁመት ተናገሩ፣ የመለሰላችሁን ሰው ስም ጻፉ። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደተፈቀደ ጠይቁ፤ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደርሶ መልስ ብቻውን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ትርፉን በኪሎ ሜትር ያስከፍሏችኋል። መንገድ ቢዘጋና ባላችሁበት ብትቆዩ የነዚያን ቀናት ኪራይ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይግባ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በየጠዋቱ ከሹፌሮች ጠይቁ። መንዝ የበግ ሀገር ነው፤ ውሻችሁ ከመኪና ሲወርድ ገመዱ እጃችሁ ላይ ይሁን።

ከፍላችሁ ገና ያልተነሣችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለሻጩ በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የመኪናውን ታርጋ ቁጥር፣ የየማደሪያውን ስልክ፣ ማስያዣው በማን ስም እንደተቀመጠ። የሰጣችሁን ስልክ ሁሉ ደውላችሁ አጣሩ። ካላዋጣችሁ ወይም መልስ ካልመጣ፣ ገንዘባችሁን እንዲመልስ ቀን ቆርጣችሁ ጻፉለት፤ ቀኑ ካለፈ ምልልሱን አትማችሁ ወደ ንግድ ቢሮ ሂዱ።