ራቬና፣ ሳን ቪታሌ፦ በልብሰ ተክህኖ ሰፊ ዓይን

ሥራዬ ልብሰ ተክህኖ መስፋት ነው። አውሮፓ ላሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ካባ፣ ቀሚስና ሞጣሕት እሰፋለሁ። ጣሊያን፣ ራቬና ያለውን የሳን ቪታሌን ቤተ ክርስቲያንም ያየሁት በዚሁ ዓይን ነው። ስለ ሕንፃው ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

እንደገባችሁ ቀጥታ ወደ መሠዊያው አካባቢ ሂዱ። በስተግራ ግድግዳው ላይ የምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ከነአጃቢዎቹ በሞዛይክ፣ ማለትም በጠጠር በተሠራ ሥዕል፣ ቆሟል። ከጎኑ ሊቀ ጳጳስ ማክሲሚያኖስ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑን እ.ኤ.አ. በ547 የባረከው እሱ ነው። ስሙም ከራሱ በላይ ተጽፏል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ምስሉ መጀመሪያ የቀድሞው ጳጳስ የቪክቶር ነበር፣ በኋላ ጭንቅላቱ ብቻ ተቀየረ ይላሉ። እንደነሱ ከሆነ ልብሱን ማንም አልነካውም። ደንበኛ ተቀይሮ ልብሱ ልክ ሲመጣ! ለእኛ ሙያ ሕልም ነው።

ከውስጥ ነጭ፣ እጀ ሰፊ ቀሚስ ለብሷል። ከትከሻው ጥቁር መስመር ይወርድበታል፤ እንደ ጥለት በሉት። ይህ መስመር ድሮ በሮማውያን ዘንድ የማዕረግ ምልክት ነበር፤ እያደር ተራው ሰውም ለበሰው። የኔን ቀልብ የወሰደው ግን ከላይ የደረበው ካባ ነው። ፊቱ አልተከፈተም፣ እጅጌም የለውም፤ ያለው ራስ ማስገቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ መስቀል የያዘበትን እጁን ለማውጣት ጨርቁ ክንዱ ላይ መሰብሰብ ነበረበት። የሞዛይክ ሠሪው ያንን እጥፋት ደመቅና ደብዘዝ ባሉ ጠጠሮች አንድ በአንድ አስቀምጦታል። ጨርቁ ከባድ መሆኑ ሳይቀር ይታወቃል። እኛ ካባውን ከፊት ከፍተን ስለምንሰፋው ካህኑ እጁን እንደልቡ ያዛል፤ ይሄኛው ግን ለለባሹ ሥራ ነው።

ካባው መጀመሪያ የቅዳሴ ልብስ አልነበረም። ሮማውያን ለዝናብና ለመንገድ የሚደርቡት ነው። ጳውሎስ በጢሮአዳ ትቶት ጢሞቴዎስን አምጣልኝ ያለው በርኖስም የዚሁ ዘር ነው። በ428 የሮማው ጳጳስ ሴሌስቲኖስ፣ የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ጳጳሳት ለየት ያለ ልብስ ጀመሩ ብሎ ተቆጥቶ ጽፎላቸዋል፤ ከሕዝቡ የምንለየው በትምህርት እንጂ በልብስ አይደለም ብሎ። ግብፅ ውስጥ ግን በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው ቀኖና አቡሊዲስ ቀሳውስትና ዲያቆናት ለቅዳሴ ከሕዝቡ ያማረ ነጭ ልብስ እንዲለብሱ ያዛል። በኋላ ምዕራቡ ሕዝብ ወደ አጭር ልብስና ሱሪ ሲዞር ካህናቱ የድሮውን ይዘው ቀሩ። ልዩነቱ የሰፋው ያኔ ነው። አብዛኛው ምስጢራዊ ትርጓሜም የመጣው ልብሱ ከተለመደ በኋላ ነው።

ትርጓሜው ይቅር ማለቴ አይደለም። የማክሲሚያኖስን ትከሻ እዩ፤ መስቀል ያለበት ነጭ ጨርቅ ዞሮበታል። የግብፁ መነኩሴ ኢሲዶሮስ ዘፔሉሲዮን በ5ኛው መቶ ዘመን ስለ ጳጳሳት የትከሻ ልብስ ሲጽፍ፣ ከተልባ እግር ሳይሆን ከሱፍ የሚሠራው እረኛው የተሸከመውን የጠፋ በግ ስለሚያመለክት ነው ብሏል። ፖሊስተር የሚያዙኝ ደንበኞቼ ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ቅሬታዬ ከቤተ ክርስቲያኑ አይደለም፤ ከያዝነው አስጎብኚ ነው። የዮስጢኒያኖስን ሚስት የንግሥት ቴዎድራን ጌጣጌጥ ሲቆጥርልን ቆይቶ ጳጳሱን "ይሄም ጳጳሱ ነው" ብሎ አለፈው። በገንዘቤ! ልብስ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ለብቻችሁ ግቡ። ሞዛይኩ ከራስ በላይ ስለሆነ ትንሽ ባይኖኩላር ያዙ፤ አንገታችሁን ያማችኋል፣ እሱን ቻሉት። ጥምር ትኬት ከቆረጣችሁ የሊቀ ጳጳሱን ሙዚየም አትዝለሉ፤ የማክሲሚያኖስ የዝሆን ጥርስ ዙፋን እዚያ አለ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሳንት አፖሊናሬ ኢን ክላሴ ሂዱ። እሱንም በ549 የባረከው ማክሲሚያኖስ ነው። ከመሠዊያው በላይ ቅዱስ አፖሊናሪስ እጆቹን ዘርግቶ ሲጸልይ ይታያል። እጆቹ ሁለቱም ስለተነሱ የካባው ቅድ ከሳን ቪታሌው በተሻለ ይለያል። ለባለሙያ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ክላሴን እመርጣለሁ።