የልጄ የእግር ጣት መገጣጠሚያ እጁ ላይ ከገባ 1 ዓመት ከ4 ወር ሆነው

ብዙ እናቶች ስለጠየቃችሁኝ ነው የምጽፈው። ልጄ 8 ዓመቱ እያለ የመኪና በር የቀለበት ጣቱን መሀለኛ መገጣጠሚያ አደቀቀበት፣ ቁስሉ ዳነ ጣቱ ግን ድርቅ ብሎ ቀረ። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ "ትንሽ ልጅ ነው ይለምደዋል" ብሎ ሸኘን፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው ሐኪም ግን ቁጭ ብሎ አስረዳን። አጥንቱን አጣብቆ ማዳን ይቻላል ግን መቼም አይታጠፍም፣ ከሲሊኮን የተሰራ ሰው ሰራሽ መገጣጠሚያም አለ ግን ሲሊኮን አያድግም፣ ልጅ ደግሞ ያድጋል። የቀረው ከእግር አውራ ጣቱ ቀጥሎ ካለው ጣት መገጣጠሚያውን ከነደም ስሩ አውጥቶ እጁ ላይ መግጠም ነው፣ ደም ስለሚያገኝ የአጥንቱ ማደጊያም አብሮ ይኖራል። እናቴ በስልክ ስትሰማ "የእግር አጥንት እጅ ላይ? በስመ አብ!" አለች። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ግን እንግሊዝ አገር በ1968 የእግር አውራ ጣት ሙሉውን ለእጅ አውራ ጣት እንደተተከለ ሲነግረኝ ትንሽ ተረጋጋሁ።

ሰርጀሪው 9 ሰዓት ፈጀ፣ በጣም ቀጭን ደም ስር በማይክሮስኮፕ እያዩ ነው የሚሰፉት። ከመገጣጠሚያው ጋር ትንሽ የእግሩ ቆዳ አብሮ ይመጣል፣ ነርሶቹ ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ የዛን ቆዳ ቀለም ያያሉ፣ ከጠቆረ ወይ ከገረጣ ደሙ ቆሟል ማለት ነው፣ ልጁ ወዲያው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ይመለሳል። ደም ስሩ እንዳይጠብ ክፍሉ ይሞቃል፣ ኮካ እና ቸኮሌት ክልክል። ነርሶቹን እግዜር ይባርካቸው፣ አንዷ እኔ እንቅልፍ ሲጥለኝ ልጁን ተረት እያወራች አስተኝታዋለች።

የማልደብቀው ቅሬታ አለኝ። ጣቱ ሙሉ በሙሉ ቀጥ አይልም፣ የእግር ጣት ተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ስለሆነ በዚህ ኦፕሬሽን የታወቀ ነገር ነው አሉ፣ ግን ለእኔ የተነገረኝ በኋላ ነው! ከመፈረማችሁ በፊት ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ብቻ ሳይሆን ስንት ዲግሪ ጎብጦ እንደሚቀርም ጠይቁ። የእሱ 25 ዲግሪ ጎብጦ ቀርቷል፣ እስከ 70 ይታጠፋል፣ ብርጭቆ ይይዛል ኳስም ይቀልባል። ይሄንንም ያገኘነው በሀንድ ቴራፒስቷ (እጅን የምታሰራዋ ባለሙያ) ነው፣ ማታ ማታ ስፕሊንት (ጣቱን ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ)፣ ቀን አምስት ጊዜ ማጠፍ መዘርጋት፣ አልቅሶ አስለቅሶኛል። እግሩ ላይ መገጣጠሚያው የተወሰደባት ጣት ትንሽ አጥራለች፣ ሩጫው ግን ያው ነው።

ባለፈው ወር ራጅ ሲነሳ የማደጊያው መስመር አሁንም ክፍት ነው፣ ማለትም አጥንቱ ገና ማደግ ይችላል ብሎ ሐኪሙ በጣቱ አሳየኝ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት።